መስመርና ትውስታ፦ ስለ «ማውስ» የሥዕል መጽሐፍ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ከዕለት ሥራችን ወጣ ያለ አንድ ርእስ መርጬ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ፣ የጠበቀው ምናልባት ስለ ድልድዮች ውበት ወይም ስለ ጥንታዊ ሕንፃዎች የሚያወሳ ጽሑፍ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ይዤ የቀረብኩት አይጦችና ድመቶች የተሣሉበትን መጽሐፍ ነው። ርእሱን በስልክ ባስታወቅሁ ጊዜ ከወዲያኛው ጫፍ ጥቂት ዝምታ ሆነ፤ ከዚያም «ለልጆች ነው?» የሚል ጥያቄ መጣ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። መጽሐፉን ከማንበቤ በፊት ቢሆን ኖሮ እኔም ያንኑ እጠይቅ ነበር።

መጽሐፉ አሜሪካዊው ሠዓሊና ደራሲ አርት ስፒግልማን የሠራው «ማውስ» ነው። ቃሉ በጀርመንኛ አይጥ ማለት ነው። ከእኔ እጅ የገባው አንድ ባልደረባዬ ከውጭ አገር ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ከሌሎች መጻሕፍት ጋር በጠረጴዛዬ ላይ ትቶት ስለ ሄደ ነው። በምሳ ሰዓት እንደ ዘበት መካከሉን ስገልጠው ዐይኔ ያረፈው በአንድ የቤት ሴክሽን ላይ ነበር። ወጥ ቤት ይታያል፤ በወጥ ቤቱ ውስጥ የድንጋይ ከሰል የሚቀመጥበት ቁምሳጥን አለ፤ ከቁምሳጥኑ ሥር ወደ ምድር ቤት የሚያስገባ ቀዳዳ ተፈልፍሏል፤ በምድር ቤቱም የጡብ ግድግዳ ተሠርቶ ከፊቱ ከሰል ተከምሯል። እንደ ልማዴ መግቢያው ለአንድ ሰው ይበቃ እንደሆነ፣ አየር ከየት እንደሚመጣ፣ የተፈነቀለው አፈር የት እንደ ተደፋ መመርመር ጀመርኩ። ከግድግዳው ኋላ የተቀመጡት አይጦች መሆናቸውን፣ ከላይ ደግሞ ውሻ ይዞ የሚፈትሽ ወታደር መኖሩን ያስተዋልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሴክሽን የተሣለው አንድ ቤተ ሰብ እንዳይገደል የተደበቀበትን ጒድጓድ ለማሳየት ነበር። ከሰዓት በኋላ ላስረክበው የነበረውን ሥራ በዚያ ቀን አላስረከብኩም።

ስለ መጽሐፉ አመጣጥ በአጭሩ ልናገር። ስፒግልማን እ.ኤ.አ. በ1948 በስዊድን፣ በስቶክሆልም ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ቭላዴክና አንያ ከአውሽቪትዝ የተረፉ የፖላንድ አይሁዶች ናቸው። በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ ተወስዶ በኒውዮርክ አደገ። በ1972 «ማውስ» የሚል ሦስት ገጽ ብቻ የሆነ የሥዕል ታሪክ አወጣ፤ ሥራውን ወደ ትልቅ መጽሐፍ ለማሳደግ ከወሰነ በኋላ ከ1978 ጀምሮ አባቱን በቴፕ እየቀዳ ደጋግሞ ጠየቀ። ምዕራፎቹ ከባለቤቱ ከፍራንስዋዝ ሙሊ ጋር ያዘጋጀው በነበረው «ሮው» በተባለው መጽሔት ከ1980 ጀምሮ በተከታታይ ወጡ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1986፣ ሁለተኛው በ1991 ታተመ። አባቱ በ1982 ስለ ሞተ የተጠናቀቀውን ሥራ አላየውም። ወደ ሦስት መቶ ገጽ የሚጠጋ መጽሐፍ ለመሥራት ዐሥራ ሦስት ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። በዐሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ግድብ ይገደባል እያላችሁ እንደምታሰሉ ይታወቀኛል።

ታሪኩ በሁለት ዘመን ይካሄዳል። በአንደኛው ዘመን ሽማግሌው ቭላዴክ በኒውዮርክ፣ በሬጎ ፓርክ በሚገኘው ቤቱ ሆኖ ለልጁ ያወራል፤ ከሁለተኛ ሚስቱ ጋር ይጣላል፤ መድኃኒቱን ይቈጥራል፤ ገንዘብ ይቈጥባል። በሌላው ዘመን ያው ሰው ወጣት ነው። በፖላንድ፣ በሶስኖቪየትስ ከተማ የሀብታም ልጅ አግብቶ ፋብሪካ ያቋቁማል፤ በ1939 ዘምቶ ይማረካል፤ ወደ ቤቱ ተመልሶ ንብረቱን፣ ዘመዶቹን፣ በመጨረሻም የበኵር ልጁን ሪሹን ያጣል። በ1944 ወደ ሃንጋሪ እናሻግራችኋለን ያሉ ደላሎች ለጀርመኖች አሳልፈው ሰጧቸውና እርሱና ሚስቱ አውሽቪትዝ ገቡ። ሁለቱም ተርፈው ተገናኙ። አንያ ግን በ1968 በገዛ እጇ ሕይወቷን አጠፋች። ልጅዋ ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት ነበር።

እንግዲህ ይህን የመሰለውን ታሪክ በአይጥና በድመት ለምን ሣለው? አይሁዶች በአይጥ፣ ጀርመኖች በድመት፣ የፖላንድ ሰዎች በአሳማ፣ አሜሪካኖች በውሻ መልክ ተሥለዋል። ለእኛ ይህ ዘዴ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ውስጥ ጻድቅ በሙሉ ፊቱና በሁለት ዐይኑ ሲሣል፣ ክፉው ከጎን፣ በአንድ ዐይን እንደሚሣል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ሥዕሉን የሚያየው ሰው ከማንበቡ በፊት ማን ከማን ወገን እንደሆነ ይለያል። የስፒግልማን ሥራ ከዚህ የሚለየው፣ ያንን የመለያ ሥርዓት ያወጡት ናዚዎቹ ራሳቸው በመሆናቸው ነው። አይሁድን ከአይጥና ከተባይ ጋር ያመሳሰለው የእነርሱ ፕሮፓጋንዳ ነበር። ሠዓሊው የጠላትን ስድብ ወስዶ እስከ መጨረሻው ድረስ ያካሂደዋል፤ በመንገድም ላይ ሥርዓቱ ራሱ ሲፈርስ ያሳየናል።

አፈራረሱንም ተመልከቱ። ቭላዴክ ፖላንዳዊ መስሎ በመንገድ ሲሄድ የአሳማ ጭንብል አጥልቋል፤ የጭንብሉ ክር ከኋላ ታስሮ ይታያል። አንያም ጭንብል አላት፤ ነገር ግን ከካፖርትዋ ሥር የአይጥ ጅራት ተንጠልጥሎ ይወጣል። ሽማግሌው አንያ መልኳ ከአይሁድነት ስለማይሰወር በመንገድ ስትታይ ይበልጥ ያሰጋ እንደ ነበር በቃል ይናገራል፤ ሥዕሉ ግን ያንኑ በአንዲት ጅራት ይጨርሰዋል። በሁለተኛው ቅጽ ደግሞ ሠዓሊው ራሱ በሥዕል ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ የአይጥ ጭንብል ያጠለቀ ሰው ሆኖ ቀርቧል። የመጀመሪያው ቅጽ ዝናና ገንዘብ አምጥቶለታል፤ ጋዜጠኞች ከብበውታል፤ ጠረጴዛው ግን የተተከለው በሬሳ ክምር ላይ ነው። ዝንቦች ይዞራሉ። በዚህ ገጽ ላይ ሰው መሆንና አይጥ መሆን የሚለያዩት በአንድ ክር ብቻ ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝና ሳልሸሽግ ላቅርበው። ፖላንዳውያንን ሁሉ በአሳማ መመሰል ለዚያ ሕዝብ ከባድ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አይሁዶችን የሸሸጉ፣ ያበሉ፣ አደጋ ላይ የወደቁ ፖላንዳውያን አሉ፤ አሳልፈው የሰጡም አሉ፤ ሁሉም የተሣሉት በአንድ ፊት ነው። ሠዓሊው ምሳሌው እንዲፈርስ የፈለገ መሆኑን እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ አንድ የዋርሶ አንባቢ ገጹን ሲገልጥ የሚሰማውን ስሜት በዚህ ማብራሪያ ማስወገድ የሚቻል አይመስለኝም።

አሁን ወደ ገጹ አሠራር ልመለስ፤ ለእኛ ለመሐንዲሶች የሚጥመው እርሱ ነውና። በሥዕል የሚነገር ታሪክ መሠረቱ ሣጥን ነው። ገጹ በሣጥኖች ይከፈላል፤ በየሣጥኑ አንድ ቅጽበት ይቀመጣል፤ በሣጥንና በሣጥን መካከል ነጭ ክፍተት ይቀራል። ጊዜ የሚያልፈው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። በልብ ወለድ መጽሐፍ ውስጥ ያነበብነው ዐረፍተ ነገር አልፎ ይሄዳል፤ በዚህ ግን ያለፈው ሣጥንና የሚመጣው ሣጥን ከአሁኑ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ባንድነት ይታያሉ። ስለዚህ ሠዓሊው ጊዜን እንደ ቦታ አድርጎ ፕላን ያወጣለታል ማለት ይቻላል። በአገራችንም የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በአርባ አራት ሣጥኖች ተከፍሎ ሲሣል ኖሯል፤ በብዙዎቻችን ቤት ግድግዳ ላይ ሳንመረምረው ተሰቅሎ ይገኛል።

ስፒግልማን ይህን መሣሪያ እንዴት እንደ ተጠቀመበት ሁለት ምሳሌ ልስጥ። አንደኛው ቭላዴክና አንያ መደበቂያ አጥተው ወደ ሶስኖቪየትስ የሚመለሱበት ሥዕል ነው። ሁለቱ ትንንሽ አይጦች ጀርባቸውን ሰጥተው ይሄዳሉ፤ በፊታቸው መንገድ ተዘርግቷል፤ መንገዱ በመስቀልያው ላይ ወደ አራት አቅጣጫ ሲታጠፍ የናዚን ምልክት ይሠራል። የትም ቢታጠፉ ከዚያ ቅርጽ አይወጡም። የመንገድ ሥራ ያጠና ሰው ይህን መጋጠሚያ አንድ ጊዜ ካየ በኋላ የሚረሳው አይመስለኝም።

ሁለተኛው ምሳሌ በሁለተኛው ቅጽ ይገኛል። በጥቅምት 1944 በአውሽቪትዝ ሬሳ እንዲያቃጥሉ የተመደቡ እስረኞች ዐምፀው ከማቃጠያዎቹ አንዱን አወደሙ። ፈንጂውን ደብቀው ያቀበሉ አራት ሴቶች በጥር 1945 ተሰቀሉ። ቭላዴክ ይህን የሚያወራው ከብዙ ዓመት በኋላ በአሜሪካ፣ በጫካ መካከል በሚያልፍ መንገድ ከልጁና ከምራቱ ጋር በመኪና ወደ ገበያ እየሄደ ነው። ሥዕሉ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ከመንገድ ዳር ዛፎች ላይ የተንጠለጠሉ እግሮችን ያሳያል። ምንም የቃል ማብራሪያ የለም። መኪናው ዝም ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ትውስታ በሰው ላይ እንዴት እንደሚመጣ ከዚህ የበለጠ በትክክል ሲገለጽ አላየሁም፤ የሚሠራውም በቃል ሳይሆን፣ ሁለት ዘመን በአንድ ሣጥን ውስጥ በመግባቱ ነው።

የእርሱን ጥንቃቄ የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። ልጁ አባቱን፣ እስረኞቹ ወደ ሥራ ሲወጡ በበሩ ላይ የሙዚቃ ጓድ ይጫወት እንደ ነበር በጽሑፍ መመዝገቡን ጠቅሶ ይጠይቀዋል። አባትየው ሙዚቃ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ሰልፉን ብቻ ነው ይላል። በፊተኛው ሣጥን የሙዚቃው ጓድ መሣሪያውን ይዞ ቆሞ ይታያል፤ አባትየው ካስተባበለ በኋላ በሚመጣው ሣጥን ሰልፈኞቹ ፊት ለፊት አልፈው ጓዱን ይሸፍኑታል። ልብ ብሎ ያየ ሰው ግን ከሰልፈኞቹ ራስ በላይ የመሣሪያ ጫፍ ያገኛል። ሰነዱ አልተሰረዘም፤ የሽማግሌው ቃልም አልታረመም። ምስክርና ሰነድ ሲጋጩ ምን እንደሚደረግ በሳይት መዝገብና በፎርማን ቃል መካከል የተቸገረ ሁሉ ያውቀዋል። እንደዚሁ ልጁ የአባቱን የአውሽቪትዝ ወራት ሲደምር አልገጥም ይለዋል። በቆርቆሮ ሥራ፣ በጫማ ሥራና በቀን ሥራ ያሳለፋቸው ጊዜያት ሲደመሩ ከጠቅላላው ይበልጣሉ። የጊዜ ሰሌዳ ሠርቶ በገጹ ላይ ያስቀምጠዋል። አባትየው ግን በዚያ ቦታ ሰዓት ያሰረ እንዳልነበረ ያስታውሰዋል።

አሁን መጀመሪያ ወደ ጠቀስኩት ወደ ሴክሽኑ ልመለስ። በመጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቴክኒካዊ ሥዕሎች ጥቂት አይደሉም። ቭላዴክ የተማረ መሐንዲስ አይደለም፤ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ነገር ግን አንድን ነገር ሲያስረዳ ቃሉ አልበቃ ሲለው የልጁን እርሳስ ይወስድና ይሥላል። የከሰሉን ቁምሳጥን የሣለው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የተሠራው መደበቂያ በአንድ ቤት ጣራ ሥር ነበር፤ መግቢያውም በተንጠልጣዩ መብራት ስፍራ፣ በኮርኒሱ ላይ ነበር። ከግንባታ አንፃር እንከን አልነበረውም። ያፈረሰው ሌላ ነገር ነው። በአጋጣሚ ያገኛቸውን አንድ የራሳቸውን ወገን አዝነው አበሉትና ለቀቁት፤ እርሱም ሄዶ ጠቈማቸው።

በአውሽቪትዝ ደግሞ ቭላዴክ ሕይወቱን ያተረፈው በሙያ ነው፤ በእውነተኛውም፣ በማስመሰሉም። ቆርቆሮ ሠሪ ነኝ ብሎ ገባ፤ ሥራውን ጥቂት አይቶት ስለ ነበር ከዕለት ወደ ዕለት እየተማረ ቆየ። ቀጥሎ ጫማ ሠሪ ነኝ አለ። አንድ የጀርመን ሹም ከዐቅሙ በላይ የሆነ ቦቲ ባመጣለት ጊዜ በዳቦ ከፍሎ ከእውነተኛ ጫማ ሠሪ ዘንድ አሠራው፤ እግረ መንገዱንም አሠራሩን ተመለከተ። መጽሐፉ የጫማው ሶል እንዴት እንደሚጠገን የሚያሳይ ዲቴል አስገብቷል። አንዳንድ አንባቢ ይህን ገጽ በቶሎ ያልፈው ይሆናል። እኔ ግን ረጅም ጊዜ አየሁት። እዚያ ስፍራ ላይ የጫማ ዲቴል ማወቅ ከነገ ዳቦ ጋር፣ ከነገ መኖር ጋር የተያያዘ ነበር።

ከጥቂት ገጽ በኋላ በዚያው እጅ፣ በዚያው ቀጥተኛ መስመር፣ በዚያው ንጹሕ የፊደል አጣጣል ሌላ ፕላን ይመጣል። ይህኛው የአንደኛው የሬሳ ማቃጠያ ፕላን ነው። ጀርመኖቹ ጦርነቱ ወደ ሽንፈት ባዘነበለ ጊዜ ሕንፃዎቹን አፍርሰው ዕቃውን ለመውሰድ ቆርቆሮ ሠሪዎች ስላስፈለጓቸው ቭላዴክ በዚህ ሥራ ተመድቦ ስፍራውን በዐይኑ አይቷል። ስለዚህ ፕላኑ የዐይን ምስክር ፕላን ነው። የልብስ ማውለቂያ ክፍሉ፣ የመርዝ ጋዙ ክፍል፣ ሬሳው የሚነሣበት አሳንሰር፣ ምድጃዎቹ፣ ሁሉም በየስማቸው ተጽፈዋል። ሠዓሊው በዚህ ገጽ ላይ እንባ አልጨመረም፤ ጥላም አላበዛም። እኛ በየቀኑ እንደምናወጣው ፕላን አድርጎ ትቶታል።

ይህን ገጽ ባየሁ ጊዜ ወደ አእምሮዬ የመጣው፣ የመጀመሪያውን ፕላን ማን አወጣው የሚል ጥያቄ ነበር። ከዚህ በኋላ የምናገረው ከመጽሐፉ ውጭ ነው፤ ነገር ግን በመሐንዲሶች ጉባኤ ፊት ቆሜ ልዘለው አልችልም። ለአውሽቪትዝ ምድጃ የሠራው በኤርፉርት ከተማ የሚገኝ ቶፕፍና ልጆቹ የተባለ ድርጅት ነው። በ1878 የተቋቋመ፣ ለቢራ ብቅል ማዘጋጃና ለምድጃ ሥራ የታወቀ ቤት ነበር። የምድጃዎቹን ሥራ የመራው ኩርት ፕሩፈር የተባለ መሐንዲስ ነው። የዚያው ድርጅት ባልደረባ የነበረው ሌላው መሐንዲስ ፍሪትስ ዛንደር በ1942 ሬሳን ያለ ማቋረጥ ለማቃጠል የሚያስችል ምድጃ ነድፎ የፈጠራ መብት ጠይቋል። የአየር ማስወጫውን ያሰላ ባለሙያም ነበር። እነዚህ ሰዎች ጠመንጃ አልያዙም። የያዙት እርሳስ፣ ማስመሪያና የሒሳብ ሰንጠረዥ ነበር። የጠየቁትም የምድጃው ሙቀት፣ የጭስ ማውጫው መሳብ፣ የነዳጁ ቁጠባ ነበር፤ በሌላ ሕንፃ ላይ ቢሆን ሁሉም ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። የድርጅቱ ዋና ጽሕፈት ቤት ከ2011 ጀምሮ መታሰቢያ ሙዚየም ሆኗል።

«ማውስ» ስለ ቶፕፍ መሐንዲሶች የተጻፈ መጽሐፍ አይደለም። ቢሆንም የከሰሉ ቁምሳጥን፣ የጫማው ሶልና የማቃጠያው ፕላን በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ዓይነት መስመር ተሥለው በአንድ መጽሐፍ ውስጥ መገኘታቸው እንደ ባለሙያ ዕረፍት ነሣኝ። መስመሩ ራሱ አይለያቸውም። አንዱ ሰው ለመደበቅ፣ ሌላው ሰው ለማቃጠል ያገለግላል፤ በወረቀት ላይ ሲታዩ ግን የሁለቱም ግድግዳ ውፍረት፣ የሁለቱም በር መክፈቻ በአንድ ደንብ ይሣላል።

ስለ ሥዕሉ እጅ ጥቂት ልጨምር። በ1972ቱ ሦስት ገጽ የአይጦቹ ፊት በብዙ ጥላና ዝርዝር የተሣለ፣ አንጀት የሚበላ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ፊታቸው ወደ ሦስት ማዕዘን ቀርቧል፤ ሁለት ነጥብ ዐይን፣ ሁለት ጆሮ፣ አብዛኛውን ጊዜም አፍ የለም። ገጾቹን የሣለው በሚታተሙበት ልክ ነው። ሠዓሊዎች አስፍተው ሥለው ሲታተም ማሳነስ ልማዳቸው ነው፤ እንከኑ በማሳነሱ ይጠፋልና። እርሱ ግን የእጁ መንቀጥቀጥ እንዳይጠፋ ፈለገ። ስለዚህ ገጹ የማስታወሻ ደብተር ይመስላል። ፊቱ ባዶ በመሆኑም አንባቢው የጐደለውን ከራሱ ይሞላል። የእናቱን ሞት የሚናገረው በፊት የሠራው አጭር ታሪክ በመጽሐፉ መካከል ሲገባ ደግሞ አሣሣሉ ፈጽሞ ይለወጣል። ሰዎቹ ሰዎች ናቸው፤ ጥቁሩ ይበዛል፤ ፊቶቹ ይጮኻሉ። ከዚያ ተመልሰን ወደ ዝምተኞቹ አይጦች ስንገባ የዝምታቸውን ዋጋ እንረዳለን።

የአባትየው አነጋገርም እንደዚሁ በጥንቃቄ ተይዟል። ሽማግሌው በኒውዮርክ ሲያወራ እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው፤ የቃሉ ቅደም ተከተል የፖላንድና የይዲሽ ቋንቋ ይመስላል። በድሮው ዘመን ሣጥን ውስጥ በራሱ ቋንቋ ሲናገር ግን ንግግሩ የተስተካከለ፣ የወጣት ንግግር ነው። ስደት ከሰው አፍ ምን እንደሚወስድ መጽሐፉ በማብራሪያ አይነግረንም፤ እንድንሰማው ብቻ ያደርጋል።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ቭላዴክ ጻድቅ ተደርጎ አለመቅረቡ ነው። ንፉግ ነው። የተከፈተ የምግብ ዕቃ ይዞ ወደ ገበያ ተመልሶ ያስለውጣል። ከመንገድ የወደቀ ሽቦ ያነሣል፤ ውስጡ ትንንሽ ሽቦ አለውና አንድ ቀን ይጠቅማል ይላል። ሁለተኛ ሚስቱን ያስለቅሳል። ምራቱ አንድ ጥቁር መንገደኛ በመኪናው ስታሳፍር ይቈጣል፤ በዘሩ ምክንያት ያን ሁሉ መከራ ያየ ሰው ሌላውን በቀለሙ ሲንቅ ታፍራለህ። ልጁ ደግሞ ይህን ሁሉ ጽፎ ሲያወጣ፣ አይሁድን ለመስደብ ከሚወጣው ሥዕል ጋር አባቴ ይመሳሰል ይሆን እያለ ይጨነቃል፤ ጭንቀቱንም ይጽፈዋል። ከሁሉ የከፋው ቭላዴክ የሚስቱን ማስታወሻ ደብተሮች ማቃጠሉ ነው። ለልጅዋ ትታ የሄደችውን ቃል ከሐዘን ብዛት በእሳት አጠፋው። የመጀመሪያው ቅጽ የሚያልቀው ልጁ ይህን ሲሰማ አባቱን ነፍሰ ገዳይ ብሎ በመጥራት ነው። ከዚያ ቃል በኋላ ዝም ብሎ ይወጣል።

መጽሐፉ በ1992 የፑሊትዘርን ልዩ ሽልማት አግኝቷል፤ በሥዕል ለተነገረ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። በ1991 ኒውዮርክ ታይምስ በልብ ወለድ ዝርዝር ውስጥ ባገባው ጊዜ ደራሲው ተቃውሞ ጻፈና ወደ እውነተኛ ታሪኮች ዝርዝር ተዛወረ። በጥር 2022 ደግሞ በአሜሪካ፣ በቴኔሲ ግዛት የማክሚን አውራጃ የትምህርት ቦርድ አንዳንድ ቃላትንና አንድ የዕርቃን ሥዕልን ምክንያት አድርጎ ከትምህርት ሥርዓቱ አወጣው። በዚያ ሳምንት መጽሐፉ ከመደብር እየተሸጠ አለቀ። ይህን የምነግራችሁ የገበያ ወሬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቦርዱ የተቃወመው ያ ትንሽ የዕርቃን ሥዕል የአንያን ሞት የሚያሳይ ነው።

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት የግል ነገር እንድናገር ፍቀዱልኝ። አባቴ የተጣመመ ሚስማር አይጥሉም። በዶማ ራስ ላይ አስቀምጠው በመዶሻ ያቀኑና በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖሩታል። በልጅነቴ ያፍርብኝ ነበር፤ መሐንዲስ ከሆንኩ በኋላም የሚስማር ሣጥን እየገዛሁ ሄድኩላቸው፤ ቆርቆሮው ግን አልተጣለም። በ1970 ዓ.ም. በአንድ ቀበሌ ለወራት ታስረው እንደ ነበር እናቴ ነግራኛለች። እርሳቸው አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም። «ማውስ»ን ካነበብኩ በኋላ በአንድ እሑድ ከጎናቸው ተቀምጬ ስለዚያ ጊዜ ልጠይቅ ሞከርኩ። «ተወው ልጄ» አሉኝ። ተውኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ግን ጥያቄዬን ለውጬ፣ «አባባ፣ ክፍሉ ስንት በስንት ነበር?» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ እርሳሴን ከደረት ኪሴ ወሰዱ። የግብር ደረሰኝ ጀርባ ላይ መጀመሪያ በሩን ሣሉ። ወደ ውስጥ የሚከፈት መሆኑን በቅስት አሳዩ፤ ቅስቱን ከማን እንደ ተማሩት አላውቅም። ቀጥሎ መስኮቱን፣ ከዚያም ሰዎቹ የሚተኙበትን በተራ መስመር አስቀመጡ፤ በእያንዳንዱም መስመር ላይ ስም ጻፉ። ከበሩ ሁለተኛ በሆነው መስመር ላይ ግን ስም ሳይጽፉ እርሳሱን መለሱልኝና ቡና እንዲፈላ አዘዙ።

እስካሁን ሦስት ወረቀት ሞልተናል። የዛሬ ሳምንትም እሄዳለሁ።